የአስታማሚዎቹ ቡድንና ወይዘሮ ቀጥሉ

በስሟ የሚጠራት ሰው ከጠፋ ሰንብቷል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ወጣቶቹ «እትዬ» ይሏታል፤ የምትኖርበት ሕንጻ ጥበቃ «የላይኛዋ ሴትዮ» ይላታል፤ የአስታማሚዎቹ ቡድን አባላት ደግሞ የማትሰማ እየመሰላቸው «ወይዘሮ ቀጥሉ» ይሏታል። ይህን ስም ያወጣላት ጡረተኛው ሾፌር ነው። ሰው ወሬው መሃል ትንፋሽ ሊወስድ ገታ ሲል «ቀጥሉ እስቲ» ማለት ልማዷ ነበርና፣ አንድ ቀን ደረጃውን ሲወርድ «ይቺ ሴትዮ ትራፊክ መሆን ነበረባት፤ ዕድሜ ልኬን ስነዳ እንደሷ ቀጥል ያለኝ የለም» ብሎ ሲስቅ ከኋላው ሆና ሰምታዋለች። አልተቀየመችም። እንዲያውም ማታ ልብሷን ስትቀይር ትዝ ብሏት ብቻዋን ሳቀች። እሷ በሌለችበት የሚያነሳት ሰው አለ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ለእሷ ቀላል ነገር አልነበረም። እኛም ሌላ ስም ከምንፈልግ በዚሁ እንጥራት።

ወይዘሮ ቀጥሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ ናት። መሥሪያ ቤቷ ከታች መድኃኒት ቤትና ፎቶ ኮፒ ቤት ባሉበት አሮጌ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቡድኑ የሚሰበሰብበት ክፍል ጣሪያው ውኃ አስገብቶ ካርታ ሠርቷል፤ አንደኛው መስኮት አይዘጋም፣ ሌላኛው አይከፈትም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቀደም ብላ ትመጣና የፕላስቲክ ወንበሮቹን በክብ ትደረድራለች፣ እግሩ የተሰነጠቀውን ለይታ ለራሷ ታደርጋለች፣ ሻይ በፔርሙዝ ታስቀምጣለች። ከዚያ የደረጃውን ኮቴ እያዳመጠች ትጠብቃለች።

ቤቱ ውስጥ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ያለበት ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ታማሚው ሐኪም አለው፣ መድኃኒት አለው፣ ብርቱካን ይዞ የሚመጣ ጠያቂ አለው። አስታማሚውን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። በር የሚከፍተው እሱ፣ ወንበር የሚያቀርበው እሱ፣ «ዛሬስ እንዴት ዋለች?» ሲባል የሚመልሰው እሱ፤ «አንተስ እንዴት ነህ?» የሚለው ሰው እስኪመጣ ድረስ ግን ወገቡ ይጎብጣል። ቡድኑ የተቋቋመው ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ነው። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ያላቸውን አባቱን ያስታምማል። ሾፌሩ ከወደቁ ወዲህ ከአልጋ ያልተነሱ ሚስቱን ይጠብቃል። ልብስ ሰፊዋ የመርሳት በሽታ የያዛቸው፣ ልጃቸውን «አንቺ ሠራተኛ» እያሉ የሚጠሩ እናት አሏት። የቀሩትም ስድስቱ እንዲሁ እያንዳንዳቸው በየቤታቸው አንድ አልጋ አላቸው።

ወይዘሮ ቀጥሉ ራሷም አስታማሚ ነበረች፤ ይህን ግን ከቡድኑ አንድም ሰው አያውቅም። እናቷን ዓመታት ሙሉ አገላብጣለች፣ አጥባለች፣ በማንኪያ አጉርሳለች። ትዳር የሚባለው ነገር በዚያው መሃል ሹልክ ብሎ አለፈ። ወንድም አላት፤ ሩቅ ነው፤ ሲደውል «አለሽ?» ይላታል፣ «አለሁ» ትለዋለች፣ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ሰፍቷታል። ራዲዮኑን ገና በሩን ሳትዘጋ ነው የምትከፍተው።

አንድ ነገር አለ፤ ለሰው ያልነገረችው። በመጨረሻው ዓመት፣ ጠዋት ጠዋት የእናቷ መኝታ ቤት በር ላይ ትቆምና ጆሮዋን ትጥል ነበር። ትንፋሽ ይሰማ እንደሆነ ነው። ሰው ቢያያት «ወይ መሳሳት!» ይላት ነበር። እውነቱ ሌላ ነው፤ እንዳይሰማ ትመኝ ነበር። አንድ ጠዋት አልተሰማም። በሩ ላይ እንደቆመች በረጅሙ «እፎይ» አለች። ጩኸቱም፣ ልቅሶውም፣ ጎረቤቱም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ይህቺ «እፎይ» ናት እንግዲህ ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅራ የቀረችው። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ብቻ ብትነግረው ትወርድላት ነበር። ግን ለማን? ወንድሟ ይጠላታል ብላ ፈራች። ጎረቤቶቿ ደግሞ ያኔ «እንዳንቺ ያለች ልጅ የለችም» እያሉ ሲያመሰግኗት የከረሙ ናቸው።

ታዲያ ይህን ሆዷ ውስጥ ይዛ የሰው ብሶት ማዳመጥ ያዘች፤ ተካነችበትም። ማክሰኞ ማክሰኞ እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ ለእሷ ይናገራል፣ እሷ አንገቷን እየነቀነቀች «ቀጥሉ እስቲ» ትላለች፣ ሲጨርስ መፍትሔ ትሰጠዋለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ስብሰባው ካለቀ በኋላ ደግሞ አንድ አንድ እያሉ ኮሪደሩ ላይ ይይዟታል፤ «ለእርስዎ ብቻ የምነግርዎት ነገር ነበረኝ» ይሏታል። ማታም ይደውሉላታል። ሾፌሩ ስለ ሚስቱ እንቅልፍ ማጣት ብሎ ይጀምርና ስለ ድሮ መንገዶች ሲተርክ ያመሻል። ስልኩ ሲጮህ ወይዘሮ ቀጥሉ ራዲዮኑን ዝቅ አድርጋ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ትቀመጣለች። ሥራዬን ነው የምሠራው ትላለች ለራሷ። ሥራ ብቻ እንዳልነበረ ግን ታውቀዋለች። ማንም ያልደወለበት ምሽት ስልኩን አንስታ ቻርጅ እንዳለው የምታየው ለሥራ አልነበረም።

አዲሷ ኃላፊ የመጣችው ነገር ዓለሙ እንዲህ ተደላድሎ ሳለ ነው። ልጅ እግር ናት፤ ቦርሳዋን በጀርባዋ ስታዝል ተማሪ ትመስላለች፤ ዓይኗን ግን ምንም አያመልጠውም። አንድ ማክሰኞ ጥግ ይዛ ቁጭ ብላ አየች። ሰዎቹ ሲወጡ ወንበሮቹን አብራት እያነሳች ነበር ነገሯን የጀመረችው።

«እትዬ፣ ቅር እንዳይልዎት።»

«ቅር ካለኝ እነግርሻለሁ። በይ።»

«ያየሁት ቡድን አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው ያየሽው?»

«እርስዎንና ዘጠኝ እንግዶችዎን። ሲያለቅሱ እርስዎን ያያሉ፣ ሲስቁ እርስዎን ያያሉ። አሁን ሲወጣ ፀጉር አስተካካዩን ‹አጠገብህ የነበረችው ሴት ማንን ነው የምታስታምመው?› ብዬ ጠየቅኩት። ‹እንጃ፣ አንድ ሰው አላት መሰለኝ› አለኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ አብረው ተቀምጠው።»

ወይዘሮ ቀጥሉ ነገሩ አልዋጥ አላት። «ይወዱኛል እኮ» አለች፤ ካለች በኋላ ግን አፈረች።

«እሱማ ይወዱዎታል። አንድ ወር ቢታመሙስ?»

«እኔ አልታመምም።»

ልጅቷ ፈገግ አላለችም። የላይኞቹ አለቆች ክፍሉን ለኮምፒውተር ሥልጠና እንደሚፈልጉት፣ ሰዎቹን እርስ በርስ ተያይዘው ካላዩአቸው ክረምት ሲገባ እንደሚወስዱት ነገረቻት። «ያኔ ሁሉም ወደየቤቱ ነው፤ ተመልሰው ለየብቻቸው» አለች። ቀጥላም ምን ማድረግ እንደሚሻል ነገረቻት፤ አብዛኛውን ወይዘሮ ቀጥሉ ድሮ ተምራው የረሳችው ነበር። ብዙ የሚያወራውን ሰው ፊት ለፊት ሳይሆን አጠገብ ማስቀመጥ። ዝም የምትለውን ፊቷ ሊታይ በሚችልበት ቦታ ማስቀመጥ። አንዱ ሲጠይቅ ጥያቄውን ወደ ሌላው መምራት። ዝምታ ሲመጣ ቶሎ አለመሙላት።

«አንድ ሌላም አለ» አለች ልጅቷ። «ሲያወሩ ዓይናቸውን አይዩ። የእርስዎን ዓይን ሲያጡ የሰው ዓይን ይፈልጋሉ፤ ያኔ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ።»

«ታዲያ ምናቸውን ልይ?»

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «ጫማቸውን» አለች።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ጉድ ነበር። ወይዘሮ ቀጥሉ አቀርቅራ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። ፀጉር አስተካካዩ ጀመረ፣ ዓይኗን ፈለገ፣ አጣው፣ ተንተባተበ፣ አቆመ። «ቀጥሉ» ምላሷ ጫፍ ድረስ መጥታ ተመለሰች። አጠገቧ የተቀመጠው ሾፌር ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «እህት ዓለም፣ አንገትሽን አሞሻል እንዴ?» አላት።

ከዚያ ወዲህ ሰዎቹን በጫማቸው ታውቃቸው ጀመር። የፀጉር አስተካካዩ ጫማ ማሰሪያ ውስጥ የደንበኞቹ ፀጉር ተሰካክቷል። የሾፌሩ እንደ መስታወት የተወለወለ ሆኖ የቀኙ ተረከዝ ብቻ በነዳጅ መርገጫ አልቋል። የልብስ ሰፊዋ ነጠላ ጫማ ሥር ሁልጊዜ የሆነ ቀለም ክር አለ። ፊታቸው ናፈቃት። አጠገባቸው ሆኖ መናፈቅ የባሰ ነው፤ ግን ጥርሷን ነከሰች። ዘዴው መሥራት መጀመሩን በጆሮዋ ሰማች። ድምፃቸው ወደ እሷ መምጣቱን ትቶ ከራሷ በላይ ወዲህና ወዲያ መሄድ ጀመረ።

ስልኩንም እንዲሁ። ሲደውሉላት «ይህ ፀጉር አስተካካዩንም ገጥሞታል፤ እስቲ እሱን ጠይቁት» ትላለች። አንድ ማክሰኞ ሁሉም ስልክ ተለዋወጡ። ራሳቸው ተስማምተውም ደንብ አወጡ፤ እዚህ የተሰማ እዚሁ ይቀራል፣ የቀረ ሰው ይደወልለታል፣ ሾፌሩ አንድ ታሪክ ብቻ ነው በስብሰባ የሚፈቀድለት። የመጨረሻውን ያመጣው ሾፌሩ ራሱ ነው። ምሽቶቿ ግን ጭር አሉ። ሳምንት አልፎ ስልኩ አንዴ ይጮሃል፤ እሱም የተሳሳተ ቁጥር ሆኖ ይገኛል። በፀጉር አስተካካዩ ቀናች። እውነቱ ይህ ነው፤ በዚህ ዕድሜዋ፣ ሰው ስለሚደውልለት ብቻ በአንድ ፀጉር አስተካካይ ቀናች።

ፀጉር አስተካካዩ አልጋ ላይ ያለን ሰው ወገብ ሳይጎዳ እንዴት በአንሶላ እንደሚገላበጥ ያሳየ ዕለት ነው ክፍሉ የተገለበጠው። ወለሉ ላይ አንሶላ ተነጠፈ። ሾፌሩ ታማሚ እሆናለሁ ብሎ ተጋደመና ገና ሳይነኩት ማቃሰት ጀመረ። «ቀስ በሉ፣ ኑዛዜዬን አልጨረስኩም» አለ። ልብስ ሰፊዋ፣ ከመጣች ጀምሮ ከንፈሯ ሲላቀቅ ያልታየችው፣ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ከዚያ ቀን በኋላ ነገር ተከታተለ። ልብስ ሰፊዋ አልጋ ላይ ለሚውል ሰው የሚመች፣ ከኋላ የሚከፈት ቀሚስ ለሁሉም ሰፋች። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ይዞ ቤት ለቤት እየዞረ የታማሚዎቹን ፀጉር አስተካከለ። የልብስ ሰፊዋ እናት እጁን ነክሰውታል፤ ምልክቱን በኩራት ነበር የሚያሳየው።

ልብስ ሰፊዋ የተናገረችው ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ውጭ እያካፋ በነበረበት አንድ ማክሰኞ ነው። ማንም ሳይጠይቃት ጀመረች።

«አንድ ነገር ልናገር ነው፤ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደምታዩኝ አላውቅም። እናቴ እንድትሞት እጸልያለሁ። ማታ ተንበርክኬ። እንድትድን አይደለም፤ እንድትሞት።»

ወይዘሮ ቀጥሉ ወንበሯን በሁለት እጇ ያዘች። ድሮ ቢሆን «አይዞሽ» ብላ ተነስታ ታቅፋት ነበር፣ ነገሩም እዚያው ታፍኖ ይቀር ነበር። አሁን ወለሉን እያየች ምላሷን ነከሰች። የልብስ ሰፊዋ ተረከዝ ከወለሉ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ዝናቡ በማይዘጋው መስኮት በኩል ይገባል። ተነስታ ወጥታ መሄድ እስኪያምራት ድረስ ዝምታው ረዘመ። ከዚያ አጠገቧ ጉሮሮውን የጠራረገው ሾፌሩ ነበር፤ ድምፁ የቀልዱ ድምፅ አልነበረም።

«እኔ በየቀኑ አይደለም። አንዳንድ ሌሊት ስትጣራ፣ ያልሰማሁ መስዬ እተኛለሁ። በዚያው ባንነቃ ይሻላል እላለሁ፣ ሁለታችንም።»

«እኔ አባቴን» አለ ፀጉር አስተካካዩ። የፈለገውን ሳይጨርስ ቀረ፤ እንዲጨርስ የጠየቀው የለም። ቀጥሎ ያለችው ተናገረች፣ ከእሷም ቀጥሎ ያለው። ነገሩ በክቡ ዞረ። አንዳንዱ በሁለት ቃል፣ አንዳንዱ እያለቀሰ፣ ሁሉም እርስ በርስ እየተያየ። ዙሩ ወይዘሮ ቀጥሉ ጋ ሲደርስ ዘለላት። ያስተዋለ አልነበረም። የቡድን መሪ ማንን ያስታምማል?

እሷም መናገር ፈልጋ ነበር። ለዓመታት የምትፈልገው ክፍል ይህ ነበር፤ በእጇ ደርድራ የሠራችው። ግን ደንቡን ታውቃለች። መሪው የራሱን ሸክም ክቡ መሃል ካወረደ ሰዎቹ ተነስተው እሱን ማስታመም ይጀምራሉ፤ እነዚህ ደግሞ ማስታመም በቅቷቸዋል። ዋጠችው። ሰዎቹ ሲወጡ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ቧንቧውን ለቀቀችና የውኃው ድምፅ እስኪሸፍናት ድረስ አለቀሰች።

ኃላፊዋ በሚቀጥለው ሳምንት መጣች፣ ጥግ ይዛ አየች፣ ሲያልቅ እጇን ጨበጠቻት። «ክፍሉን አይወስዱትም። እኔ ራሴ ነው የምነግራቸው። እትዬ፣ ይህ እኮ አሁን የሰዎቹ ነው» አለቻት። ትንሽ ቆማም፣ «ይህን ሁሉ ሰምተው ቤትዎ ሲገቡስ፣ እርስዎን የሚሰማ ሰው አለዎት?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኔማ ሰው ሞልቶኛል» አለች ወይዘሮ ቀጥሉ።

ልጅቷ አመነቻት። ምን ታድርግ፤ ፊቷን ፈታ አድርጋ ነው የዋሸቻት። ልጅቷ ደረጃውን ስትወርድ ግን ወይዘሮ ቀጥሉ ጠርታ ልትመልሳት አፏን ከፍታ ነበር።

ክረምቱ ገብቶ ከባድ ዝናብ በያዘበት ሰሞን አንድ ማክሰኞ፣ ወይዘሮ ቀጥሉ ሻዩን አፍልታ፣ ወንበሮቹን ደርድራ ብትጠብቅ ኮቴ የለም። ሰዓቱ ደረሰ፣ አለፈ። ዝናቡ ይሆናል አለች። ዝናቡ አባራ። መንገድ ተዘግቶ ይሆናል አለች፤ በመስኮት ስታይ መኪናው ሁሉ ይሄዳል። የሆነ ነገር አስቀይሜያቸው ይሆን እያለች ያለፈውን ሳምንት ቃል በቃል ፈተሸችው። በመጨረሻ ሾፌሩ ጋ ደወለች። ከኋላው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ውይ፣ ያንቺ ነገር! አልተነገረሽም እንዴ?» አለ። «የልብስ ሰፊያችን እናት ትናንት አረፉ። ሁላችንም እዚሁ ነን፤ ከትናንት ጀምሮ። እኔ ፀጉር አስተካካዩ ነግሯታል ብዬ፤ እሱ ደግሞ እኔ የነገርኩሽ መስሎት። በይ አትቀየሚን።»

«ኧረ ለምን እቀየማለሁ። ደግ አደረጋችሁ» አለች። ከልቧ ነበር። ዘጠኝ ሰው፣ የሚጠራቸው ሳይኖር፣ ተጠራርቶ አንዱ ቤት ተገኝቷል። ማንኛውም ማኅበራዊ ሠራተኛ በሕይወቱ አንዴ እንዲህ ያለ ነገር ቢያይ ይበቃዋል። ስልኩን ዘግታ ባዶዎቹን ወንበሮች ስታያቸው ግን ሆድ ባሳት፤ እንደ ልጅ ሆድ ባሳት። ሁሉም ሁሉን ሲጠራ እሷን የጠራ አልነበረም።

በአውቶቡስ ሄደች። የልብስ ሰፊዋ ቤት ከአንድ ጠባብ መንገድ ጀርባ ነው። በሩ ላይ ሾፌሩ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። ፀጉር አስተካካዩ ከጎረቤት ያመጣውን አግዳሚ ያስተካክላል። የቀሩትም አንዱ ውኃ፣ አንዱ ኩባያ ይዞ ሲሯሯጥ የቤቱ ልጆች ይመስላሉ። ስፌት መኪናው ጨርቅ ተጥሎበት ግድግዳ ተጠግቷል። ወይዘሮ ቀጥሉ ባዶ ቦታ አይታ ተቀመጠች። አጠገቧ ያሉት የሟች ዘመድ ዞር ብለው አዩአትና «እርስዎ የማን ኖት?» አሏት።

«ከመሥሪያ ቤት ነኝ» አለች። ሴትየዋ ራሳቸውን ነቅንቀው ወሬያቸውን ከሌላው ወገን ጋር ቀጠሉ።

ቀስ ብላ ተነስታ ወደ ጓዳው አለፈች። ልብስ ሰፊዋ የእናቷ አልጋ ላይ፣ አንሶላው በተነሳ ፍራሽ ጠርዝ ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሰዎቹ አረፍ በይ ብለው አስገብተዋት ነበር፤ ዓይኗ ግን እንደ ፈጠጠ ነው።

«እግዜር ያጽናሽ» አለቻትና አጠገቧ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ መጡ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። «ሁሉም አልቅሺ ይሉኛል። እንባው ጠፋብኝ። ትናንት ጠዋት ትንፋሿ ሲቆም ምን እንደተሰማኝ ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ።»

«ቀለለኝ።»

ወይዘሮ ቀጥሉ ዙሪያዋን አየች። እዚህ ክብ የለም፣ ወንበር የለም፣ መሪ የለም። አንድ ፍራሽና እናቶቻቸውን ያስታመሙ ሁለት ሴቶች ናቸው ያሉት። ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። እንደ ለመደችው ወለሉን እያየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከመጀመሪያው ጀመረች። እናቷ አልጋ መያዟን፣ የማንኪያውን ነገር፣ ወንድሟን፣ ሳታገባ መቅረቷን፣ ጠዋት ጠዋት በር ላይ መቆሟን። እንዳይሰማ መመኘቷን። «እና አንድ ቀን አልተሰማም» አለች። «ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? በሩ ላይ ቆሜ እፎይ አልኩ። እናቴን ገና ሳላያት። ለሰው ስነግር የመጀመሪያዬ ነው።» ሲወጣላት ተሰማት። ጉሮሮዋ ተከፈተ፣ ትከሻዋ ወረደ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያላወቀችው ዓይነት እንባ ያለ ድምፅ ወረደላት። ምንም መልስ አልፈለገችም። እንዲያው አንድ «ይገባኛል» ብትባል፣ ወይም እጇን ብትያዝ በቂ ነበር።

መልስ ሲዘገይባት ቀና አለች። ልብስ ሰፊዋ ራሷን ግድግዳው ላይ ጥላ፣ አፏ ትንሽ ተከፍቶ ተኝታለች። መቼ እንደተኛች፣ የቱ ጋ ስትደርስ እንደተኛች ማወቅ አይቻልም። ትንፋሿ ረጅምና እኩል ነው፤ ከተኛች የቆየ ይመስላል።

ወይዘሮ ቀጥሉ ልትቀሰቅሳት እጇን ዘርግታ ነበር። ደግማ ልትነግራት፣ ወይም ቢያንስ ምን ያህሉን እንደሰማች ልትጠይቃት ፈለገች። ከዚያ የተኛችውን ፊት አየችው፤ ከብዙ ወራት በኋላ በደንብ ያየችው ፊት ይህ ነበር። ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ጉንጯ ገብቷል። እንደ ታመመ ሰው በሁለት እጇ ደግፋ ቀስ አድርጋ ፍራሹ ላይ አጋደመቻት። እግሯን አነሳችላት። የራሷን ሹራብ አውልቃ አለበሰቻትና እዚያው አጠገቧ እጆቿን አጣጥፋ ተቀመጠች።

ሾፌሩ በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ። ሲያያት ፊቱ በራ።

«ተኛች?»

«ተኛች።»

«ተመስገን። እኛ ሁላችን ተራ በተራ ሞክረን አቃተን እኮ። ምን ብለሽ አስተኛሻት?»

«ስለ እናቴ አወራኋት» አለች።

«ደግ አደረግሽ» አለ ሾፌሩ፤ ከዚያም የውጭው ጫጫታ እንዳይረብሻቸው ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋባቸው።